አፅም አጣቢዋ ስታማትያ

የደሴታችን አፈር ከድንጋዩ ያነሰ ነው። ስለዚህ መቃብር ለማንም የዘላለም ርስት አይሆንም። ሟች ጥቂት ዓመት ይተኛበታል፤ ከዚያ አፅሙ ይወጣና በወይን ጠጅ ታጥቦ፣ በሣጥን ሆኖ ወደ አፅም ቤቱ ይገባል። ይህን ሥራ ዕድሜ ልኳን የሠራችው ስታማትያ ናት። የግማሹን ደሴት እናትና አያት በእጇ አጥባለች፤ አንድ ቀን ፊቷን ስታጠቁር ያየ የለም። የሚያስጠይፍ ነገር ያየችው የባሏ የያኩሞስ አፅም የወጣ ዕለት ነው።

ልጇ ኒኪፎሮስ ከወደቡ በላይ የእንግዳ ማረፊያ አለው። በሩ ላይ ጎብኚ ምን ምን ማድረግ እንደሚችል የሚናገር ሰሌዳ ሰቅሏል፦ ምሽጉን መውጣት፣ በጀልባ መርከቦችን ወደሚመራው መብራት ቤት መሄድ፣ ከዓሣ አጥማጅ ጋር መረብ መሳብ። ይሁን፣ ሰው እንጀራውን ይብላ። ግን የለመደ ሆድ መች ይበቃዋል? አክስቱ ዳቦ ስትጋግር ትርኢት ሆነች። አሮጊቶች ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ቢሉ ካሜራ ይደቀንባቸው ጀመር። ማናችንም ተው አላልንም።

ያኩሞስ ሊሞት ሲል አንድ አደራ ብቻ ነበር የተናገረው፦ ከጉድጓዱ ስወጣ ግንባሬን ልጄ ይሳመኝ፣ ወደ ሣጥኑም እሱ ያስገባኝ። ስታማትያ በዚያ ጠዋት የፈለገችው ይህንኑ ነበር። ወይን ጠጁን፣ ሳፋውንና ነጩን ጨርቅ ይዛ ከጎረቤቷ ከፎቲኒ ጋር መቃብሩ ዘንድ ቀድማ ደረሰች።

ኒኪፎሮስ መጣ። ከኋላው ሰፋፊ ባርኔጣ ያደረጉ እንግዶች ተከትለውታል፤ አንዷ አይስክሬም ትልሳለች።

«እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?» አለችው።

«ባህላችንን ለማየት ነው፣ እማዬ። ዝም ብለው ይቆማሉ።»

«አባትህን ነው እኮ የምናወጣው።»

«አባቴም እንግዳ ይወድ ነበር።»

ፎቲኒ ቀበል አድርጋ፣ «ይወድ ነበር፤ ግን ሱሪውን ታጥቆ ነበር የሚቀበላቸው» አለች።

ቄሱ አባ አንቲሞስ መሬት መሬቱን አዩ። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የታደሰው በጎብኚ ስለት ነውና ምን አፍ ይኖራቸዋል?

መቃብሩ ተከፈተ። ስታማትያ የራስ ቅሉን አውጥታ በወይኑ አጠበችው፤ አደራረቀችውና ለልጇ ዘረጋችለት። ኒኪፎሮስ ሁለት እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አልችልም፣ እማዬ» አለ በሹክሹክታ። «አስጠላኝ።»

በዚህ መሃል ባለ ካሜራው እንግዳ አንድ ነገር ጠየቀው። ልጅየው አፉን በመዳፉ ጠርጎ ለእናቱ ተረጎመላት፤ ብርሃኑ ስላልተመቸው ቅሉን አንድ ጊዜ ከፍ ታደርግለት እንደሆነ ነው የሚለው።

ተረጎመላት። ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ስታማትያ ልጇን ትክ ብላ አየችው። የስንቱን አፅም ስታጥብ ያልጠቆረ ፊቷ ያኔ ጠቆረ።

«ለሰው ስታሳየው ያላስጠላህ፣ ለመሳም አስጠላህ?» አለችው። «በል እንግዲያ፣ አንተም ጎብኚ ነህ። ሂድና ከጎብኚዎቹ ጋር ቁም።»

ቅሉን በጨርቁ ጠቀለለች። የቀረውን አፅም ከፎቲኒ ጋር በሳፋው ለቃቅመው አፅም ቤቱ ውስጥ ገቡና በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት። ኒኪፎሮስ መጥቶ ቀስ ብሎ አንኳኳ፣ ልክ የእንግዳ ክፍል እንደሚያንኳኳው። ቀጥሎ ከውጭ ድምፁ ተሰማ፤ እንግዶቹን አሁን ወደ ምሽጉ እንደሚወጡ እየነገራቸው ነው። የእግራቸው ኮቴ እየራቀ ሄደ።

ስታማትያ የባሏን ግንባር ራሷ ሳመችው፤ ወደ ሣጥኑም ራሷ አስገባችው።

«ልጅህ ሥራ ይዞት ነው፣ ያኩሞስ» አለችው።

ለሙታን ዋሽታ አታውቅም ነበር።