ፈተናው ሳይደርስ የሄደው የሒሳብ መምህር

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሎጊያ፣ ከክፍላችን በር የጅቡቲ መንገድ ወለል ብሎ ይታይ ነበር። ናፍጣና የጋለ ጎማ እየሸተተን፣ ተሳቢ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ እየተንቀጠቀጠ ነው ሒሳብ የተማርነው። ያስተማረን ቲቸር ግርማ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው መምህር መጽሐፉን ሰሌዳ ላይ ገልብጦ የሚወጣ ሰው ነበር። ግርማ መጥቶ "ያልገባው ማነው?" ሲል ግራ ገብቶን ተያየን። ማን እንዲህ ብሎን ያውቃል!

የሚኒስትሪ ፈተና ሲቃረብ ግርማ ሊለቅ ነው የሚል ወሬ መጣ። ከወሎ መጥቶ ሎጊያ ላይ ሻይ ቤት የከፈተው አባቴ፣ "ወላሂ አልፈርድበትም፤ የመኪና ረዳት እንኳ ከሱ የተሻለ ይኖራል" አለ። እኔ ግን ፈረድኩበት። ፈተናውን የወደቀ ልጅ ትምህርቱ እዚያው ያበቃ ነበርና ፍርሃት ያዘኝ።

ከኔ የባሰባት አጠገቤ የምትቀመጠው ፋጡማ ነበረች። አባቷ ከሰርዶ ወዲያ ግመል የሚያረቡ አፋር ናቸው። ከልጆቻቸው ትምህርት ቤት የላኩት እሷን ብቻ ሲሆን፣ "ካላለፈች ወደ ግመሎቹ ትመለሳለች" ብለዋል። ወሬው ሲደርሳቸው አንድ ጠዋት መጥተው የክፍላችን በር ላይ ቆሙ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና፣ ማንንም አንቱ የማይሉ ሰው ናቸውና፣ "መምህር፣ ዳጉ ንገረኝ" አሉ።

ዳጉን እዚያ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት ሰው ሲገናኝ ያየውን የሰማውን ይነጋገራል፤ ተጠይቆ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው። ግርማ ግን ደገኛ ነው። "ደህና ነኝ አባባ፣ ሁሉም ሰላም" ብሎ ሊሸኛቸው ይችል ነበር። ፋጡማ እጄን ጨምድዳ ያዘች።

"እሄዳለሁ" አለ ጠመኔውን አስቀምጦ። "ጠረፉ ላይ፣ ጋላፊ፣ የትራንዚት ሥራ አግኝቻለሁ። በመምህር ደመወዝ የቤት ኪራይ ከፍዬ እናቴን ማሳከም አልቻልኩም።"

"ማን ይተካሃል?"

"አላውቅም።"

"ወተት እኔ ጋ አለ። ፍየል እሰጥሃለሁ። እስከ ፈተና ቆይ።"

ግርማ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ። "ሐኪም ቤቱ ወተት አይቀበልም፣ አባባ" አለ። አዛውንቱ "እውነት ነገርከኝ" ብለው ዱላቸውን አንስተው ወጡ።

በሳምንቱ ግርማ በከባድ መኪና ጋቢና ሄደ። ተተኪም አልመጣም። እኔ አባቴ ከሰመራ አስጠኚ ቀጥሮልኝ አለፍኩ። ፋጡማ ወደቀች፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። ከኔ ይልቅ ጎበዟ እሷ ነበረች። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

አሁን ሰመራ፣ አንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ ሠራተኛ የምቀጥረው እኔ ነኝ። መኪናው በዝቷል፣ ትምህርት ቤቱም ፎቅ ሆኗል፤ የመምህር ኑሮ ግን ያኔ የተውነው ቦታ ነው ያለው። ባለፈው ሰኞ ለቃለ መጠይቅ የገባው ወጣት ሲያየኝ ደነገጠ። የልጄ የሒሳብ መምህር ነው፤ የብቃት ምዘናውን ተመስግኖ ያለፈ፣ ልጄ ስሙን ጠርቶ የማይጠግበው። ልጄ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ነው። "ተማሪዎችህስ?" ልለው ነበር፤ ሚስቱ ልትወልድ መቃረቧን ሲነግረኝ ጥያቄውን ዋጥኩት። ቀጠርኩት።

ትናንት ቤት ስገባ ልጄ በር ላይ ጠበቀኝ። "እማ፣ ቲቸር ዛሬም አልመጣም፤ ታሞ ይሆን እንዴ?" አለኝ።