ያየችው መልእክት

እኔና ባለቤቴ ከመጋባታችን በፊት በአካል የተገናኘነው አምስት ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ደሴ ፒያሳ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ሻጭ ነበርኩ፤ እሷ ኮምቦልቻ የምትኖር የቄስ ልጅ። መንገዱ በሚኒባስ ቅርብ ነው። ግን የቄስ ልጅ ከወንድ ጋር ቆማ ስታወራ ከታየች ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባል። ስለዚህ በስልክ እንጻጻፍ ነበር።

ስትጽፍ ሌላ ሰው ናት። ትቀልዳለች፣ ትሰድበኛለች፣ አንድ መስመር ስልክላት አምስት ትመልሳለች። ስንገናኝ ግን ጫማዋን እያየች «ደህና ነኝ» ብቻ። እኔም ብሆን በጽሑፍ አንበሳ፣ ፊት ለፊት ድመት ነበርኩ። ሰው ፊት ካላየ ይደፍራል፤ ያንን ድፍረታችንን እወደው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሲሚንቶ እያስጫንኩ ጨከንኩና «አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልላክ?» ብዬ ጻፍኩላት። ማየቷን የሚናገረው ምልክት ወዲያው መጣ። መልስ ግን የለም።

እሑድም የለም። ዝምታ ወርቅ ነው ያሉት ሰዎች እንዲህ ስልክ ላይ አፍጥጠው አያውቁም። እኔ ደግሞ ቁጣ ይቀድመኛል፤ ያልጻፈችውን ሁሉ አነበብኩ። መጀመሪያ አፍራ ነው አልኩ፤ ቀጥሎ ንቃኝ ነው አልኩ፤ ሰኞ ባለ መኪና እጮኛ ሁሉ ፈጠርኩላትና ደንበኛ ላይ ጮህኩ። ማክሰኞ «ካልፈለግሽኝ አፍ አውጥተሽ ተናገሪ» ብዬ ጽፌ ልልከው ስል እጄ እንቢ አለኝ። ፊቷን እያየሁ እነግራታለሁ ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሐረጎን ቁልቁለት እስክንጨርስ ንግግሬን እለማመድ ነበር።

የቄሱን ቤት ጠይቄ ስደርስ በር የከፈቱልኝ እናቷ ናቸው።

«የደሴው ልጅ ነህ?» አሉና ከኋላዬ አሻግረው አዩ። «ሽማግሌዎቹስ?»

«የምን ሽማግሌዎች?»

«ወይ ጉድ! ጠላ ጠምቀን፣ ቤት አሰናድተን ስንጠብቅ! ቄሱ እንኳ ይመጡ ይሆናል ብለው ከደጅ አልራቁም።»

«ኧረ እማማ፣ እሷ እኮ መልስ አልሰጠችኝም!»

እናትየው በሳቅ በሩን ተደገፉ። «ልጄ፣ የጨዋ ልጅ ለጋብቻ ስትጠየቅ አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች እንጂ እሺ ብላ ትጮሃለች? እንቢ ብትል ኖሮ ያኔውኑ በነገረችህ።»

እሷ ከጓዳው በር ላይ ቆማለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አራት ቀን ያበሳጨኝ ዝምታ ያው ይኸው ነበር፤ ፊቷን ሳይ ግን ለማንበብ ፊደል መቁጠር አላስፈለገኝም። ደስታዬን የምደብቅበት አጣሁ።

ስመለስ ሐረጎ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ አምስት መስመር። የመጀመሪያው «እናቴ ፊት ስትንተባተብ ራስህን ብታየው!» ይላል። የመጨረሻው «ጠላው ሳይሆመጥጥ ላክ» የሚል ነው። ልመልስላት ስል ያልላክሁት ቁጣዬ እዚያው ተጽፎ ጠበቀኝ። ፊደል በፊደል አጠፋሁትና ሽማግሌ እንዲሆነኝ ለአጎቴ ደወልኩ።