ካፖርት የምታስረጀው ሴትዮ

ሰው ሁሉ አሮጌውን አዲስ ለማስመሰል ሲደክም፣ እሷ አዲሱን አሮጌ ለማድረግ ነበር የምትደክመው። ሥራዋ ነው። ከልብስ ሰፊዎቹ እጅ ትኩስ ትኩሱን ትቀበላለች፤ መልሳ ስታስረክብ ግን አያት የለበሰው፣ አባት የወረሰው፣ ልጅ ያፈረበት ልብስ መስሎ ነው።

ሰፊዎቹ ሲያዩዋት ያጉረመርማሉ። «እኛ የወለድነውን አንቺ ትገድይብናለሽ» ይሏታል።

«ምን ላድርግ፣ ያዘዘኝን ጠይቁት» ትላቸዋለች። ብዙ የምትናገር ሰው አይደለችም።

ከዚህ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት ላውንድሪ ቤት ቆማ ስትተኩስ ኖራለች። እትዬ ካውያ የሚለውን ስም ያወጡላት እዚያ ነው፣ እሱም አብሯት መጣ። እንፋሎቱ ሳንባዋን በላው፣ መቆሙ እግሯን በላው። የእግሯ ደም ሥር እንደ ገመድ ተገታትሯል። ሐኪሙ በመጨረሻ ብዕሩን አስቀምጦ፣ «እማማ፣ ተመልሰው እዚያ እንፋሎት ውስጥ ከገቡ እኔ የማደርግልዎ ነገር የለም» አላት። እንግዲህ እንዲህ ባላት በወሩ ነው የፊልሙ ልብስ ክፍል ሰው ይፈልጋል የተባለው። ስለ ልብስ የሚያውቅ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው። ትዕግሥት እንኳ ነበራት። ሌላ ምን ነበራትና።

ፊልሙ ያ አገር ምድሩ የሚያወራለት ፊልም ነው። ታዋቂው ዳይሬክተር ያንን ወፍራም ልብወለድ ፊልም ሊያደርገው ነው ከተባለ ወዲህ ሰው ሌላ ወሬ አልነበረውም። መጽሐፉን አያቱም አባቱም ልጁም ያነበበበት ቤት ብዙ ነው። ጎርፍ ቤቱን የወሰደበት አንድ አስተማሪ፣ የጠፋች ልጁን ፍለጋ አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ካፖርት ሲንከራተት ነው ታሪኩ። በፊልም የሚወጣው ገና በሚቀጥለው ዓመት ማብቂያ ነው። ሰዉ ግን ነገ ማታ የሚታይ ይመስል ይጣላበታል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

ጠዋት ጠዋት ወደ አውቶቡሱ ስትወርድ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ከበሩ ብቅ ይላል።

«እትዬ ካውያ፣ በሞቴ ይንገሩኝ፤ ልጁን ያገኛታል? ወይስ እንደ መጽሐፉ አጠገቧ ደርሶ ያልፋታል?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። እኔ የማውቀው ክርኑን ነው።»

«ኧረ ይተዉ! ካገኛት እኔ ፊልሙን አላይም። እምላለሁ አላይም።»

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ ግማሽ ራሱ ተቆርጦ፣ ግማሹ ጎፍሮ፣ «ተዋናዩ ራሱ በጣም ያምራል» ብሎ ይገባበታል። «መጽሐፉ የተላጠ ድንች የመሰለ ፊት ነው የሚለው። ይሄን ቆንጆ ልጁ ሳትሆን ሴቶቹ ናቸው የሚፈልጉት!»

እሷ ፈገግ ብላ ታልፋለች። አንደኛ ነገር፣ ምንም ላታወራ ፈርማለች። ሁለተኛ፣ መጽሐፉን አልጨረሰችውም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንብባ አርባኛው ገጽ ላይ ናት። ፊደሉ ይደቃል፣ እሷ ደግሞ መጽሐፍ የምትይዘው ተኝታ ነው፤ እንቅልፍ አርባኛው ገጽ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። እዚያ ሥራ ቤት ሁሉም መጽሐፉን በቃሉ የሚያውቅ ነው የሚመስላት።

ያ ካፖርት ነው እንግዲህ ያደከማት። የመጀመሪያውን ዳይሬክተሩ በሁለት ጣቱ አንስቶ፣ «ይሄ ቆሻሻ ነው እንጂ አሮጌ አይደለም» ብሎ መለሰው። ሁለተኛውን ደግሞ፣ «ሁሉ ቦታው እኩል አርጅቷል፤ ሰው በትከሻው አይቀመጥም» አለ። እውነቱን ነው። እሷም ሌሊቱን ስታስበው እውነቱን ነው አለች።

ሦስተኛውን ለማስረጀት ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ደጋግማ ዘፈዘፈችው። እርጥብ ሳለ ኪሱን በድንጋይ ሞልታ ሰቀለችው፣ እንዲወርድ፣ ኪሱ እንዲያዛጋ። ክርኑንና የእጅጌውን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገች። ኮሌታው ላይ የአንገት ወዝ እንዲመስል ሻማ ቀባች። ደረቱ ላይ ሻይ ረጨች፣ ጭቃ ረጨች። ይኼ ሁሉ ሆኖ ግን አንድ ነገር ይቀራል፤ ክርን በብሩሽ አይታጠፍም። ሰው ነው የሚያጥፈው። ስለዚህ ራሷ ለበሰችው። አውቶቡስ ላይ ለበሰችው፣ ሽንኩርት ስትልጥ ለበሰችው፣ ወንበር ላይ እንቅልፍ ሲጥላት ለብሳው ተኛች።

ዓርብ ከሰዓት የክፍሉ አለቃ ጠራቻት። ቀጭን ናት፣ ንግግሯም እንደዚያው ነው፤ መርፌዋ ይሏታል፣ እሷም ታውቃለች።

«ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ ያየዋል» አለች መርፌዋ። «አራተኛ የለም። ይሄን ካልወደደው ከአሮጌ ልብስ ነጋዴ እንገዛለን፣ ይሄም ክፍል ይዘጋል። እኔ ወደ ጫማ እዛወራለሁ። አንቺ እንኳ…»

አልጨረሰችውም። እትዬ ካውያም እንድትጨርሰው አልጠየቀችም። የት እንደምትሄድ ታውቃለች፤ ወደ እንፋሎቱ ነው።

እሑድ ካፖርቱን ወንበር ላይ ጥላ ሆስፒታል ሄደች። ድሮ ጎን ለጎን አብራት ቆማ ስትተኩስ የኖረችው ባልንጀራዋ እዚያ ተኝታለች። አፍንጫዋ ላይ የሚያፏጭ ቱቦ አለ። እጇን ስትይዛት መዳፏ አሁንም የካውያ እጀታ እንደያዘ ታጥፎ ነው።

«የላውንድሪው አለቃ መጥቶ ነበር» አለቻት ታማሚዋ፣ በየመሐሉ እያረፈች። «ስላንቺ ጠየቀኝ። ቦታዋ አለ፣ በፈለገች ጊዜ ትምጣ ብሏል።»

«እግዜር ይስጠው።»

«እኔም ልክ እንደተሻለኝ እመለሳለሁ። ካውያዬን ለማንም እንዳይሰጡብኝ ንገሪልኝ፣ እሺ? የግራውን ነው። የቀኙ ያቃጥላል።»

«እነግራቸዋለሁ» አለች። እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ የቱቦው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ሲያፏጭ ሄደ።

ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ሳሙና ሸተታት። በሩን ስትከፍት ታናሽ እህቷ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ፊቷ በላብ ወዝቶ፣ ሰገነቱ ላይ ቆማለች። ይቺ እህቷ ሆቴል ቤት አንሶላ አጣቢ ናት። እሑድ እሑድ በራሷ ቁልፍ እየገባች ታግዛታለች። ገመዱ ላይ ካፖርቱ ተሰቅሎ ውሃ ያንጠባጥባል።

«እትዬ! መጣሽ? ነይ እስቲ፣ ነይ እጄን አድንቂልኝ!»

እትዬ ካውያ ቦርሳዋን አልጣለችም። እንደያዘችው በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

«ሦስት ውሃ አጠቆረ!» አለች እህቷ። «ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው እናቴ! ኮሌታው ላይ ሻማ ሁሉ ፈሶበታል። በሙቅ ውሃ አሽቼ አሽቼ አስለቀቅሁት። ክርኑ አልቆ ነበር፣ ጣፍኩት፤ እስቲ እዪው፣ የት ጋ እንደተጣፈ ታውቂያለሽ? ቁልፎቹንም አጠበቅሁልሽ። ደግሞ ኪስሽ ውስጥ የነበረው ድንጋይ ምንድን ነው? እውነት ለመናገር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ድንጋይ ተሸክማ መዞር ጀመረች፣ እህቴን ድካም አእምሮዋን ነካት አልኩ።»

«ማን እጠቢ አለሽ?»

«ማን ያዘኛል? ደክሞሽ ሳይ ጊዜ ነዋ።»

እትዬ ካውያ አልጮኸችም። ለመጮህ ትንፋሽ ያስፈልጋል። ቀስ ብላ ነገረቻት፤ ካፖርቱ ከሦስት ሳምንት በፊት አዲስ እንደነበረ፣ ቆሻሻው ሥራዋ እንደሆነ፣ ሰኞ ጠዋት እንደሚታይ። ስለ ላውንድሪው አለቃም ነገረቻት።

እህቷ እርጥብ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቆይታ፣ «ሃያ ዓመት ሙሉ ማን ነው እንዲህ የሚያቆሽሽብኝ እያልኩ ስራገም ለካ አንቺ ነሽ!» አለች። አንዷ ሳቀች፣ ሌላዋም ሳቀች፣ ከዚያ ሁለቱም እንባቸው መጣ። የትኛው እንባ እንደሆነ አይታወቅም።

ፀሐይ እስክትጠልቅ ሞከሩ። እርጥብ ጨርቅ ሻማ አይቀበልም። እህቷን ከአበባው ማሰሮ አፈር ነስንሺበት አለቻት። ያቺ ደግሞ በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ትበትንና፣ ወዲያው ሳታስበው እፍ ብላ ታራግፈዋለች።

«አታራግፊው!»

«እጄ ነው እኮ፣ እኔ አይደለሁም።»

እትዬ ካውያ አሮጌ እንዲመስል ሁለት ቁልፍ ስትበጥስ እህቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በመጨረሻ እትዬ ካውያ እግሯ አልቆም አላት። «በቃ፣ ተይው። የመጣው ይምጣ» ብላ ተኛች።

ሰኞ ካፖርቱ ገና እርጥበት ነበረው። ለብሳው አውቶቡስ ገባች፣ በገላዋ ሙቀት እንዲደርቅ። መርፌዋ ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ፤ ግን አፏን ሳትከፍት ዳይሬክተሩ ገባ። ሽበታም ሰው ነው፣ ድምፁ የተዘጋ፣ ዓይኑ ሥር የጠቆረ። እትዬ ካውያ አየችውና፣ ይኼም እንደኔ ነው፣ ቆሞ የሚያድር ነው አለች በልቧ።

ካፖርቱን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ወሰደው። ትከሻውን አየ። ኪሱን አየ። ክርኑ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይሄን ማን ጣፈው?»

መርፌዋ ወደ እትዬ ካውያ ዞረች።

«በጣም ያምራል» አለ። «ችግሩ እሱ ነው። ይሄን የጣፈች ሴት የለባሹ ወዳጅ ናት። የኔ ሰውዬ ደግሞ የሚወደው የለውም። ፍቱትና ራሱ ጨለማ ውስጥ የሰፋው አስመስሉት። ሌላው ይሁን። ይሁን፣ ጥሩ ነው። ከየት ገዛችሁት?»

መርፌዋ ዓርብ የምታውቀው ካፖርት በሻማና በጭቃ የተለወሰ ነበር። ይኼን ንጹሑን ስታይ፣ ሴትየዋ ጭንቅ ይዟት የሰው አሮጌ ገዝታ ያመጣች መሰላት። «ከገበያ… ከነጋዴ ነው መሰለኝ፣ ጋሼ» አለች።

«እንግዲያው ይሄን ያህል ጊዜ ምን አደከማችሁን? የቀረውንም ከዚያው ግዙ። ክፍሉን ለጫማው ስጡት።» ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወደ በሩ ዞረ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይባላል እንጂ፣ ዝም ከሥራም ያስወጣል። እትዬ ካውያ ያ የሆስፒታሉ ቱቦ ሲያፏጭ ሰማችው።

«አልተገዛም» አለች።

ዳይሬክተሩ ዞረ።

«አልተገዛም፣ ጋሼ። እዚሁ ነው የተሠራው። እኔ ነኝ።» ምላጭ አነሳች። የገበሩን ስፌት አንድ ስንዝር ያህል ፈታችና ጨርቁን ገለበጠችው። ውስጡ፣ ማንም የማያየው የስፌቱ እጥፋት፣ አልነጣም፣ አልተላጠም። የሰፊውን የክር ምልክት አሳየችው፤ ገና አልተነቀለም። «እዚህ ድረስ አይገባልኝም፣ እጄ አይደርስም» አለች፣ ጥፋት የምትናዘዝ ይመስል።

ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። «ስንት ጊዜ ፈጀ?»

«ሦስት ሳምንት። ከዚያ ደግሞ ትናንት እህቴ አጠበችው። ክርኑም የሷ ነው። አላወቀችም፣ ጋሼ። ደክሞሽ ሳይ ነው አለች።»

ሳቅ ይሁን ሳል ከደረቱ ወጣ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ያ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ሲያዩት የመጀመሪያው ነው። «የጎርፉ ክፍል አለኝ» አለ። «ሁለት መቶ ተፈናቃይ። ሁሉም የየራሱ ልብስ፣ የየራሱ እርጅና። አንዱ በትከሻው የሚሸከም፣ አንዷ ልጅ የምታዝል፣ አንዱ ቁጭ ብሎ የኖረ። ከዝናቡ በፊት እፈልጋለሁ። ትችያለሽ?»

ሁለት መቶ። እግሯን አሰበችው። አንዱ ሦስት ሳምንት ከፈጀ ብላ ልታሰላ ጀመረችና ተወችው፤ ቁጥሩም እንደ መጽሐፉ አርባ ላይ ነው የሚያስተኛት።

«እህቴን ላምጣት?»

«የምታጥበዋን?»

«እሷን። ሌላ ሰው የለኝም።»

«አምጫት» አለ፣ ጉልበቱን ይዞ እየተነሳ። «ብቻ እንዲህ አሳምራ እንዳትሰፋ ንገሪያት።»

ከረፋዱ ጀምሮ ሰፊዎቹ አዳዲሱን ልብስ በጋሪ እየገፉ ያስገቡ ጀመር። አርባው ገባ፣ አርባው ደገመ፤ ክፍሉ አዲስ ጨርቅ አዲስ ጨርቅ ሸተተ። መርፌዋ አንድ በርጩማ አምጥታ እግሯ ሥር አኖረችላት። እትዬ ካውያ ጫማዋን አውልቃ እግሯን በርጩማው ላይ አወጣች፣ መነጽሯን አደረገች፣ የካፖርቱንም ክርን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የተጣፈውን ትፈታ ጀመር። እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀባት። እህቷ ስትሰፋ ለዕድሜ ልክ ነው።