ልክ ልክዎን ልብስ ስፌት

ባለፈው ሳምንት ከመሥሪያ ቤታችን ጎን ያለው ሱቅ የብረት በሩን ሲያስቀባ ዋለ። ጎንደር ከሰሞኑ ግርግር ገና አላገገመችም፤ ነጋዴው ግማሽ በር ከፍቶ ነው የሚሸጠው። ሰውየው በዚህ መሀል ቀለም ለማስቀባት ምን ልብ እንዳገኘ አላውቅም። ብቻ የዘይት ቀለሙና የማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታ በመስኮት ገብቶ ክፍሉን ሞላው። ሌሎቹ አፍንጫቸውን ሸፍነው ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን ተነሥቼ ወጣሁ። ያ ሽታ ሁልጊዜ አያ ሰይድን ያመጣብኛል።

አያ ሰይድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ወደ አዲስ ዓለም ሰፈር በሚወስደው መንገድ ላይ ከአባቴ የጫማ ማደሻ ቤት ጋር ግድግዳ ተጋርተው ይሠሩ ነበር። ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ ሰው ናቸው፤ ሜትር ከአንገታቸው፣ መርፌ ከኮታቸው ደረት ተለይቶ አያውቅም። የስፌት መኪናቸውን መርገጥ ሲጀምሩ በእኛ በኩል መደርደሪያው ላይ ያሉት ጫማዎች ይንቀጠቀጡ ነበር። የከሰል ካውያቸው ሱፍ ላይ ሲያርፍ የእርጥብ በግ ጠረን ያለው እንፋሎት በግድግዳው ስንጥቅ እየሾለከ እኛ ቤት ድረስ ይመጣል።

በሰፈሩ የሚታወቁት ግን በስፌት ብቻ አልነበረም። አዲስ ሱቅ የሚከፍት ሰው ሁሉ ስም የሚያወጣው እሳቸውን ጠይቆ ነው። የራሳቸው ቤት በር ላይ በቀይ ቀለም “ልክ ልክዎን ልብስ ስፌት” ተብሎ ተጽፏል። ከጠዳ ለገበያ የመጡ ሰዎች ፊደል ከሚያውቅ ልጃቸው አፍ ሲሰሙት “ምነው፣ ምን አጠፋን?” እያሉ ይገባሉ፤ አያ ሰይድ በሳቅ ይቀበሏቸዋል። የአባቴን ቤት “እግረ መንገድ ጫማ ማደሻ” ያሉት እሳቸው ናቸው። ሥጋ ቤቱን “የሥጋ ዘመድ”፣ ፀጉር ቤቱን “አናት በአናት” አሉት። አንድ ቀን እንኳ ደጃፏን ረግጠው የማያውቁትን ግሮሰሪ ደግሞ “ሥራ ላይ” አሏት። ከዚያ ወዲህ የሰፈራችን ባሎች ሚስቶቻቸው የት ዋልክ ሲሏቸው መዋሸት አላስፈለጋቸውም።

ከዚያ ክፉ ዓመት መጣ። ሰው በጎሪጥ መተያየት ጀመረ፤ ትልልቆቹ ራዲዮ ሲከፍቱ ድምፁን ቀንሰው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ሆነ። በዚያው ሰሞን አንድ አዲስ የተሾመ ሰው ሱፍ ሊያሰፋ አያ ሰይድ ቤት መጣ። እኔ ከአባቴ ደጃፍ ተቀምጬ ነበር። ሰውየው ከመግባቱ በፊት ቀና ብሎ ጽሑፉን አነበበ።

“ልክ ልኩን የሚነግሩት ለማን ነው?” አለ።

አያ ሰይድ ሜትራቸውን እየዘረጉ፣ “ለመጣው ሁሉ፣ ጌታዬ” አሉ።

ቤት ውስጥ የነበረው ሰው በሙሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ሳይለካም ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ሊከፈት ሲል እናቴ ዩኒፎርም እንድለካ ላከችኝ። ክንዶቼን ዘርግቼ አያ ሰይድ ትከሻዬን ሲለኩ ሁለት ሰዎች ገቡ።

“ተነሥ፣ ትፈለጋለህ” አላቸው አንደኛው። አያ ሰይድን “አንተ” ብሎ የሚጠራ ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

“የልጅቱን ልክ ልጨርስና...”

“ልክህን እዚያ ታገኘዋለህ” አለና በገዛ ቀልዱ ፈገግ አለ።

ይዘዋቸው ሲወጡ ሜትሩ ትከሻዬ ላይ ቀረ። ክንዴን አጥፌ ወደ ቤት ለመሄድ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

በማግስቱ አባቴ ከቤታችን መስኮት የተረፈውን ሰማያዊ ቀለም አውጥቶ “እግረ መንገድ” የሚለውን ይሸፍን ጀመር። ቀለሙ በግድግዳው ላይ እየተንዠረገገ ወረደ። እናቴ፣ “እሳቸውን መጠየቂያ ስንቅ ያዝ ስልህ ቀለም ትይዛለህ?” አለችው። አባቴ ዞር ብሎ አላያትም። “ልጆች አሉኝ” አለ ብቻ። ከእሱ ቀጥሎ ፀጉር ቤቱ ቀባ፤ ከዚያ ሥጋ ቤቱ፣ ከዚያ ግሮሰሪዋ። መንገዱ በሙሉ አኳራጅ አኳራጅ ይሸት ነበር። ማንም ከማንም ሳይመካከር ሁሉም አንድ ስም ጻፈ፤ “ሰላም”።

አያ ሰይድ የተፈቱት ጥቅምት ውስጥ ነው። የሰው ሱሪ ሲያስተካክሉ የኖሩት ሰው የራሳቸው ሱሪ ወገባቸው ላይ በገመድ ተሰብስቦ መጡ። በመንገዱ ላይ ቀስ ብለው እየሄዱ በሮቹን አንድ በአንድ አነበቡ። አባቴ ቤት ፊት ሲደርሱ ቆሙ። አባቴ ጭኑ ላይ ያለውን ጫማ እንደያዘ ተነሣ።

“እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት፣ አያ ሰይድ።”

“እንኳን አብሮ ደስ አለን።”

“ስሙን... እመልሰዋለሁ። ዛሬውኑ እመልሰዋለሁ።”

“ተወው” አሉት። “ሸጋ አድርገሃል። ሰላም በሚለው ስም ማንም አይታሰርም።”

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አያ ሰይድ የራሳቸውን ጽሑፍ አጠፉትና ምትኩን ሳይጽፉ ተዉት። ዩኒፎርሜን ሰፉልኝ፤ ሲለኩኝ ግን እንደ ድሮው “እደጊ እንጂ፣ ጨርቄ አለቀ” አላሉኝም። አንዲት ሴት የቁንጅና ሳሎን ልትከፍት ስም ብትለምናቸው ከመኪናው ላይ ቀና ሳይሉ “በራስሽ ስም ጥሪው” አሏት። ሰውም ቀስ በቀስ መጠየቁን ተወ።

ዓመታት አለፉ። አርጅተው ኮላ ድባ ወዳለችው ልጃቸው ሊሄዱ ዕቃቸውን ሲሸክፉ ልሰናበታቸው ገባሁ። የስፌት መኪናዋ ተሸጣለች፤ ቆማ በኖረችበት ቦታ ወለሉ ላይ የእግሯ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። ምን እንደምማር ጠየቁኝ።

“የጥርስ ሕክምና” አልኳቸው።

መሸከፋቸውን አቆሙ። ከዚያ ቀና ብለው በሩን አዩ፤ ማንም አልነበረም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

“ታዲያ እኔ የሰው ጥርስ ውስጥ ስገባ የት ነበርሽ ልጄ? ነቅለሽ አታወጪኝም ነበር?” አሉ።

አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እየሳቅሁ ዓይኔ ወደ በሩ ሄደ።

ኮላ ድባ ሁለት ክረምት ቆዩና አረፉ። ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። አሁን ወንበሬ ላይ የሚቀመጥ ሕመምተኛ ሲፈራብኝ የሚያስቀው ነገር ምላሴ ላይ ይመጣል። መጀመሪያ በሩን አያለሁ። ከዚያ እናገረዋለሁ።