«ደህና ነው» የምትለው መስመር

የቀረጻ ስቱዲዮውን ኮምፒውተሮች የሚጠብቀውን ሰው ባልደረቦቹ «ቅጂ» ይሉታል። «ይሄ ቢያገባ እንኳ ሁለት ነው የሚያገባው፤ አንዷን ለመጠባበቂያ» እያሉ ይሳለቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ምን ያድርግ?

ጥቁሩ ስክሪን ላይ ፊደል በፊደል የጻፋት አንዲት ስክሪፕት፣ ትንሽዬ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ አለችው። ሠራተኛው ሲወጣ የቀኑን ቀረጻ ከዋናው ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ፣ ወደ ውጭ ዲስኩ ትገለብጥና «ሁሉም ደህና ነው» የሚል መልእክት ለእሱም ለስቱዲዮው ኃላፊም ትልካለች። ዱሮ ከመገልበጧ በፊት ዲስኩ መኖሩን ታረጋግጥ ነበር፤ ካጣችው ስልካቸው ላይ ትጮሃለች። ገመዱ ላላ ያለ ነበርና ጩኸቷ በዛ።

«አንተ ሰውዬ፣ ስልኬን እኮ ለቅሶ ቤት አደረግከው!» አለው ኃላፊው። «መርዶ አልፈልግም። ደህና ደህናውን ብቻ ላክልኝ።»

ቅጂ በክፉ ቃል ቶሎ የሚሰበር ሰው ነው። የዲስኩን መኖር የምታረጋግጠውን መስመር ከስክሪፕቷ አጠፋት። ነገ በሌላ መንገድ አስተካክላታለሁ አለ። ነገ ደግሞ መቼ አልቆ ያውቃል።

በዚያው ሰሞን ታላቅ እህቱ መጣች። ዕድሜዋን በየሆቴሉ የሰው ዘፈን ስታንጎራጉር ኖራ የራሷን አንድም ያላስቀረጸች። ጉሮሮዋ ውስጥ ዕጢ ተገኝቷል፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ድምፅ እንደማይኖራት ሐኪሞቹ ቁርጡን ነግረዋታል።

«ወንድምዬ፣ ዝም ሳልል ያዘኝ» አለችው።

የመጀመሪያውን ቀን ማይክ ሲሞክሩ ዋሉ። ከዚያ ወዲያ ግን ዘፈነች። እንዴት ዘፈነች! ሊደርቅ የቀረበ ምንጭ የሆዱን ሁሉ እንደሚያፈልቅ። ቅጂ ከመስታወቱ ጀርባ ዓይኑን በክንዱ ይጠርጋል።

«ድምፄ ደህና አደረ?» ትለዋለች በየጠዋቱ።

ስልኩን ያሳያታል። ሁሉም ደህና ነው።

ከሆስፒታል ወጥታ፣ አንገቷን በሻርፕ ሸፍና የራሷን ዘፈን ልትሰማ በመጣች ዕለት ሰርቨሩ ተቃጥሎ አገኘችው። ቅጂ አልደነገጠም። «አይዞሽ እትዬ፣ ዲስኩ አለልሽ» ብሎ ጠረጴዛው ሥር አጎነበሰ።

የዲስኩ ገመድ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጋድሟል፤ አቧራ ለብሷል። በቦታው የኃላፊው የስልክ ቻርጀር ተሰክቷል። ስክሪፕቷ ዲስኩን ስታጣ፣ በዲስኩ ስም በተከፈተው ባዶ ፎልደር ውስጥ፣ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ስትገለብጥ ከርማለች። ዋናውም ግልባጩም አንድ ጉድጓድ ገብተዋል።

«እና ስልኬ ቻርጅ ከሌለው ያንተን ‹ደህና ነው› በምን ይቀበል?» አለ ኃላፊው፣ በሩ ላይ ቆሞ።

ቅጂ ዲስኩን ሰካ። ከእህቱ ድምፅ፣ ገመዱ ሳይነቀል የተገለበጠው የመጀመሪያው ቀን ብቻ ተርፏል። ከፈተው። ያ ማር የመሰለ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦

«ሄሎ... ሄሎ... አንድ፣ ሁለት... ወንድምዬ፣ ይሰማል?»

እህቱ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«በል መልስላት እንጂ» አለ ኃላፊው፣ ቻርጀሩን እየጠቀለለ።