የኦቦ ሳል

ሱሉልታ ቤት ሠርተን ስንገባ እናቴን ከአዲሱ ሰፈር ጋር ያስማማት የደም ግፊት ነው። አጥር የምንጋራቸው ገበሬ፣ ሰፈሩ በሙሉ «ኦቦ» የሚላቸው ሽማግሌ፣ እንደ እሷው ግፊት ነበረባቸው። ጤና ጣቢያ አብረው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ የማን ግፊት ይበልጥ እንደወረደ እንደ ተማሪ ይፎካከራሉ።

የሚውጡት ግን ለየቅል ነው። የእሷ አምሎዲፒን እግሯን እያሳበጠ ጫማ ከልክሏታል። የእሳቸው ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል አመጣባቸው፤ ጠዋት ጠዋት የምንነሳው ከአጥር ማዶ ሲስሉ ሰምተን ነው። ለሐኪም ይንገሩ ብንላቸው አሻፈረኝ አሉ። ሳሉ መድኃኒቱ ሥራ ላይ ለመሆኑ ምልክት ነው ብለው አምነዋል፤ የማይሰማ መድኃኒት ምኑ መድኃኒት ነው ባይ ናቸው።

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን መንገዱ ተዘጋ። ጎማ ይቃጠላል፣ ሚኒባስ የለም፣ የፋርማሲው መደርደሪያ ባዶ ነው። የእናቴ ኪኒን አለቀ። እኛ ሰፈር ደግሞ በርበሬና ወንፊት እንደምንዋዋሰው ኪኒንም እንዋዋሳለን፤ የግፊት ከሆነ የግፊት ነው። ኦቦ የራሳቸውን ይዘውላት መጡ። ለእርስዎስ ስንላቸው፣ ቤት ሌላ አለኝ አሉ።

እናቴ መዋጥ ጀመረች። የእግሯ እብጠት ጎደለና ጫማዋን አጥልቃ ግቢው ውስጥ ተንጎራደደች፤ እንዲያ ስትደሰት ሳያት እኔም ደስ አለኝ። ቀጥሎ ሳል ያዛት። የጎማው ጭስ ነው አልን። ጭሱ ጠፋ፣ እሷ ግን ትስላለች። የአጥር ማዶው ሳል ደግሞ ጸጥ ብሏል። ኦቦ ኪኒኑን ከነሳሉ አወረሱኝ እያለች ታስቀን ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ሁለቱንም ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። የእናቴ ግፊት ደህና ነው። የኦቦን የለካችው ነርስ ግን ደግማ ለካች፣ ፊቷ ተለወጠ፣ ቶሎ መድኃኒት ሰጥታ አልጋ ላይ አስተኛቻቸው። ከዚያ እኛን ተቆጣችን። የእናቴ ኪኒን የደም ሥርን ሲያላላ ውኃ ወደ እግር ይወርዳል፤ የኦቦ ኪኒን የደም ሥር የሚያጠብበውን ነገር ሰውነት እንዳይሠራ ሲከለክል፣ በዚያው ጉሮሮ የሚኮረኩር ነገር ያጠራቅማል። ሳሉ የጎንዮሽ ጉዳት እንጂ የፈውስ ምልክት አይደለም፤ በሽታው አንድ ቢሆንም ኪኒን አይዋዋሱትም አለችን። ኦቦን መጨረሻ የዋጡት መቼ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ቤት ሌላ ኪኒን አልነበረም።

እናቴ ስትቆጣ እንባዋ ይቀድማል። «ቢሞቱብኝ ኖሮስ? እኔ እንዴት አድርጌ ልኖር ነበር?» አለቻቸው።

ኦቦ ከተጋደሙበት ቀና ሳይሉ ፈገግ አሉ።

«ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ ጠዋት ጠዋት ሲያስልሽ እሰማ ነበር እኮ። ዛሬም ውጣለች፣ ደህና ናት እያልኩ ከብቶቼን አወጣለሁ።»