እሜቴ ፍሬን መጠየቅ የጀመረች ሰሞን

የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው ተማሪዎች አሠልጣኛቸውን ከጀርባዋ «እሜቴ ፍሬን» ይሏታል። ከተማሪው ጎን ከተቀመጠችበት ደቂቃ አንስቶ እስክትወርድ ድረስ ከአፏ የማይጠፋው ይኸው ቃል ነው። ድመት መንገድ ስታቋርጥ፣ «ፍሬን!» ድመቷ ለማቋረጥ ስታስብ፣ «ኧረ ፍሬን በለው!» አንዴማ መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ተማሪው ቀበቶውን ፈትቶ ሊወርድ ሲል «ፍሬን!» ብላ ጮኸችበትና ልጁ ደንግጦ ቀበቶውን መልሶ አሰረ።

ክፉ ሰው ሆና አይደለም። ተማሪ ፈተና ሲያልፍላት ከወላጅ እናቱ ቀድማ የምትዘል ሴት ናት። ብቻ ስለ ተማሪዎቿ ከማርሽ አቀያየራቸው በቀር የምታውቀው አንድም ነገር አልነበረም።

አንዲት ልብስ ሰፊ መንዳት ሊማሩ የመጡባት እንዲህ ሆና ሳለች ነው። ስድሳን ተሻግረዋል፤ ቁመታቸው አጠር ስለሚል ከመሪው በላይ ለማየት ከቤት ትራስ ይዘው ይመጣሉ። ሲያዩዋቸው ደስ ይላሉ። መሪ ሲይዙ ግን ጉድ ነው! ሊያመልጥ የሚታገል በግ የያዙ ይመስል አንቀው ይይዙታል። እሷ ስትጮህ ይደነግጣሉ፣ ሲደነግጡ ነዳጅ ይሰጣሉ፣ ነዳጅ ሲሰጡ እሷ ትጮሃለች። ፈተና ገቡ፣ ወደቁ። ደግመው ገቡ፣ ደግመው ወደቁ።

አንድ ጠዋት በኋላ ማርሽ ሄደው የቆሻሻ ገንዳውን ጓ! አደረጉት። እሜቴ ፍሬን መጮህ ራሱ ሰለቻት። ወንበሯ ላይ ተዘርራ፣

«እትዬ፣ በሞቴ፣» አለች፣ «አሁን እርስዎ መንዳት የፈለጉት ለምንድን ነው?»

በምሬት ያለችው ነገር ነበር። ሴትዮዋ ግን የምር ጥያቄ አድርገው ወሰዱት። እንደ ልጃገረድ አፈሩ።

«አትስቂብኝም?»

«አልስቅም።»

«ለመዝፈን ነው።»

እሜቴ ፍሬን ሳቀች።

«ይኸው! አልኩሽ እኮ! ስሚኝ፣ ቤት ልዝፈን ስል የልጅ ልጆቼ ተኝተዋል። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ አለ። ግድግዳዬ ወረቀት ነው፤ ሳስነጥስ ጎረቤቴ ከወዲያ ማዶ ‹ይማርዎ› ይለኛል። ታዲያ አንድ ቀን ቀይ መብራት ላይ አንዱን ሹፌር አየሁት። መስኮቱ ተዘግቷል። አፉ እስከ ጆሮው ተከፍቶ፣ መሪውን እንደ ከበሮ እየደለቀ ዘፈኑን ያቀልጠዋል! የኔ ቦታ ይሄ ነው፣ አልኩ።»

«ድምፅዎ ጥሩ ነው?» አለች እሜቴ ፍሬን። አሁን ማወቅ ፈልጋለች።

«ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ‹ድምፅሽ ዘይት የጠማው በር ነው› ይለኝ ነበር። ግን በር በከፈተ ቁጥር እኔ ትዝ እያልኩት ይስቅ ነበር...»

ይህን እያወሩ ማርሽ አስገቡ፤ ስፖኪዮ አዩ፤ ወደ ኋላ እየሳቡ መኪናዋን በሁለት መኪኖች መሃል እንደ ዕንቁላል ቀስ አድርገው አስቀመጧት። እሜቴ ፍሬን የባነነችው ሞተሩ ሲጠፋ ነው።

«እትዬ!»

«ምነው? ፍሬን?»

«ፓርክ አደረጉ እኮ!»

ተቃቅፈው ጮኹ። ክላክሱም በልብስ ሰፊዋ ክርን ተጭኖ አብሯቸው ጮኸ።

ከዚያን ቀን በኋላ እሜቴ ፍሬን ጥያቄ አመጣች። ያገኘችውን ሁሉ ትጠይቃለች። መጀመሪያ የተነዘነዘው አንድ የባንክ ሠራተኛ ተማሪዋ ነው። «ፍቅረኛ አለህ? ለምን የለህም? እናትህ ምን ትላለች? ዓይን አፋር ነህ አይደል? አዎ፣ ዓይን አፋር ነህ።» ልጁ በሥርዓቱ ፍሬቻ አሳይቶ፣ ጥግ ይዞ ቆመና፣

«ይቅርታ፣ ይሄ ፈተናው ላይ ይመጣል?» አላት።

ቅስሟ ተሰብሮ ለልብስ ሰፊዋ ነገረቻቸው። እሳቸው መሪው ላይ ተደፍተው ሳቁ።

«ጠይቀሽ ራስሽ ትመልሺያለሻ! እኔ ሰው ስለካ አፌ ውስጥ ስፒል አለ። አንዲት ነገር እጠይቃለሁ፤ ከዚያ በኋላማ ላውራ ብል ይወጋኛል። ዝም ስል ሰውየው ያወራል። አንዷ የሙሽራ ቀሚስ ልትለካ መጥታ፣ እጅጌው ላይ ስደርስ ሰውዬውን እንደማትፈልገው ነገረችኝ።»

«ውይ! ቀሚሱስ?»

«ቀሚሱን ወሰደች፣ ሙሽራውን ተወች። አምሮባታል!»

እሜቴ ፍሬን ስፒል አፏ ውስጥ መክተት ፈራች፤ ከረሜላ ከተተች። የባንክ ሠራተኛውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ «መኪና ስትገዛ መጀመሪያ ማንን ትጭናለህ?» ከዚያ ከረሜላዋን መምጠጥ። መብራቱ ቀይ ሆነ፣ አረንጓዴ ሆነ። ምላሷን አሳከካት።

«አባቴን፣» አለ በመጨረሻ። «ፊት ለፊት ስንቀመጥ እኔና እሱ ወሬ የለንም። ጎን ለጎን ብንሆን... እንጃ።»

ልትመክረው አሥር ነገር ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ከረሜላውን ቀርጠም አደረገችው። «ጎን ለጎን ብትሆኑ ምን ትለዋለህ?»

ልጁ አወራ! አባቱ ከጓሮ ስለሚያሳድጋቸው ርግቦች፣ በሬዲዮ ኳስ ሲሰማ ስለሚረግመው ዳኛ፣ አንዴ ስላለቀሰበት ቀን። ሁለቱም መታጠፊያውን ረስተው የከተማው ጫፍ እስኪደርሱ እሜቴ ፍሬን አንዲትም ጊዜ አልጮኸችም። ሲመለሱ ልጁ ከመኪናው ሳይወርድ አባቱ ጋ ደወለ።

ልብስ ሰፊዋም ለፈተና ቀረቡ። ፈታኙ መንገድ ላይ፣ «እባክዎ ሬዲዮኑን ይዝጉት፣» አላቸው። «ሬዲዮ አይደለም፣ የኔ ልጅ፤ እኔ ነኝ፣» አሉት። አለፉ!

የወንድማቸውን አሮጌ መኪና ተውሰው መጀመሪያ የጫኑት እሜቴ ፍሬንን ነው። መስኮቶቹ ተዘጉ። ከዚያ ዘፈኑ። ባለቤታቸው አላጋነኑም፤ ዘይት የጠማው በር ነው! እሜቴ ፍሬንም ሌላኛው በር ሆና ተቀበለቻቸው። ጉሮሯቸው ሲደክም ልብስ ሰፊዋ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ፣

«አንቺስ፣ ልጄ? አንቺን ምን ያስፈራሻል?» አሏት።

እሷ መስኮቱን አየች፣ ጣሪያውን አየች።

«መኪና፣» አለች።

«ምን?»

«መኪና እፈራለሁ፣ እትዬ! ሌላ ሰው ሲነዳ ነፍሴ አትቀርልኝም! በየቀኑ እፈራለሁ! ማንም ደግሞ ጠይቆኝ አያውቅም!»

ልብስ ሰፊዋ ጥግ ይዘው ቆሙ፤ እንዲያ እየሳቁ መንዳት አይቻልማ። እሜቴ ፍሬን እንባዋ እየወረደ፣ ሆዷን ይዛ፣ ሌላም ሌላም ትነግራቸዋለች። አንድ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ መስኮቱን አንኳኳ።

«ደህና ናችሁ? ምን ተፈጠረ?»

ሁለቱ ተያዩ። ልብስ ሰፊዋ የኋላውን በር ከፈቱለት።

«ግባ፣ ታሪኩ ረጅም ነው። አንተ ግን እንዴት ዋልክ?»